ሞዴሉ ውሃውን ወደ ኋላ ሲያስኬደው፦ የሀይቅና የከርሰ ምድር ውሃ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ የባህር ጠረፍ ረግረግ ሞዴል ማድረግ ግራ የሚመስለው ሰው ይኖራል፣ ግን ለመመረቂያ ስራችሁ ዳታ ከውጭ ያገኛችሁ አላችሁ፣ ደሞ እዚሁ በሬሳ ወንዝ ዳር ያለው ጨፌ ላይም ህጉ ያው ነው፣ ስለዚ ሞድፍሎው (የከርሰ ምድር ውሃ ፍሰት የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ላይ ብዙ ያለፋኝን ነገር ልንገራችሁ።

ምልክቱ እንዲህ ነው፦ ሞዴሉ ያለ ኤረር ይጨርሳል፣ የውሃ ባጀቱም ይዘጋል (የገባውና የወጣው ውሃ ሂሳብ ይገጥማል)፣ ግን መስክ ላይ ከመሬት ወደ ሀይቁ የሚገባው ውሃ ሞዴሉ ላይ ከሀይቁ ወደ መሬት ይሰርጋል። ብዙ ሰው ወዲያው የሀይቁን ወለል ኮንዳክታንስ መነካካት ይጀምራል፣ እባካችሁ እሱን ለጊዜው ተዉት። ኮንዳክታንስ የሚናገረው ምን ያህል ውሃ እንደሚያልፍ ነው፣ ወዴት እንደሚያልፍ የሚወስነው በሀይቁና በከርሰ ምድሩ ውሃ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ነው፣ ረግረግ ላይ ደሞ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ሴንቲሜትር ነው።

ስለዚ መጀመሪያ ከፍታውን ፈትሹ። እኛ የከርሰ ምድር ውሃውን ከፍታ ለማየት መሬት ውስጥ ከተከልናቸው ቧንቧዎች አንዱን በሌቭል (የከፍታ ልዩነት መለኪያ መሳሪያ) ሌላውን በሰርቬይ ጂፒኤስ ለክተን ነበር፣ ጂፒኤሱ የሰጠን ከኤሊፕሶይድ (የምድርን ቅርፅ በሂሳብ ከሚወክለው ለስላሳ ገፅ) ያለውን ከፍታ ነው፣ ከባህር ጠለል ከሚለካው ጋር በሜትር ይለያያል፣ በቃ ሁለት ሳምንት ያለቀው እዚህ ላይ ነው። መፍትሄው የሀይቁን መለኪያ ዘንግና ቧንቧዎቹን በሙሉ ከአንድ ቤንችማርክ (ከፍታው ከታወቀ ቋሚ ነጥብ) ተነስቶ በሌቭል ማያያዝ ነው። ውሃው የቱ ጋ እንዳለ ለማወቅ ውድ መሳሪያ አያስፈልግም፣ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ከሜትር ጋር አስራችሁ እየነፋችሁ ወደ ቧንቧው ታወርዳላችሁ፣ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ደርሳችኋል፣ ጠዋት በዛ ብርድ ጣት ደንዝዞ እንኳ ጆሮ አይሳሳትም።

ከፍታው ተስተካክሎም እምቢ ካለ ጨው ነው። (በሬሳ ላይ ይሄን ዝለሉት።) የባህር ውሃ 1 ሊትሩ ወደ 1.025 ኪሎ ይመዝናል፣ ስለዚ ጫፉ ከባህር ጠለል 40 ሜትር ዝቅ ያለ፣ የባህር ውሃ የሞላበት ቧንቧ ዜሮ ላይ ቢያነብም ወደ ጨው አልባ ውሃ ሲመነዘር ግፊቱ የ1 ሜትር ከፍታ ነው፣ ያቺ 1 ሜትር ደሞ አቅጣጫ ለመገልበጥ ትበቃለች። ንባቡን መንዝሩት፣ ግን እዛ ላይ አታቁሙ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያለውን ፍሰት በትክክል ለማየት እንደ ሲዋት ያለ ዴንሲቲውን (የውሃውን እፍጋት) አብሮ የሚያሰላ ኮድ ያስፈልጋል።

አቅጣጫው ልክ ሆኖ መጠኑ ካነሰ ግሪዱን (ሞዴሉ ቦታውን የሚከፋፍልባቸውን ሴል የሚባሉ ካሬዎች) እዩት። ውሃው በብዛት የሚገባው ዳር ዳሩን ነው፣ ወደ መሀል እየቀነሰ ይሄዳል፣ 100 ሜትር በ100 ሜትር የሆነ ሴል ያንን ይውጠዋል፣ ዳሩ ላይ አድቅቁት። የሀይቁ ዳር ሲደርቅና ሲረጥብ ሶልቨሩ (ሂሳቡን የሚፈታው ክፍል) ኮንቨርጅ አላደርግም፣ ማለትም ወደ አንድ መልስ አልደርስም፣ ካለ ደሞ ሰርፍዴፕ የሚባለውን ቁጥር (የሀይቁ ወለል ወጣ ገባነት ከፍታ) ትንሽ ከፍ አድርጉት።

ኮንዳክታንስን አሁን መንካት ትችላላችሁ፣ እሱንም ከመስክ ጋር እያያችሁ፦ በርሜል ለሁለት ቆርጣችሁ ዳሩ አካባቢ ጭቃው ውስጥ ደፍታችሁ ትተክሉና ክብደቱ የታወቀ ጥቂት ውሃ ያለበት ፌስታል ቀዳዳው ላይ ታስራላችሁ፣ በማግስቱ ፌስታሉ ከከበደ ውሃ እየገባ ነው፣ ከቀለለ እየወጣ ነው፣ የከበደውን በሰአቱና በበርሜሉ ስፋት ስታካፍሉት ሞዴሉ ሊያወጣው የሚገባውን ቁጥር ታገኛላችሁ።