አድሚክስቸርና አማራጭ ጠጠር በኮንክሪት ጥንካሬ ላይ የሚያመጡትን ለውጥ እንዴት መፈተሽ ይቻላል

በሚገባ የታመቀ ኮንክሪት ጥንካሬው ከሁሉ በላይ የሚወሰነው በውሃና በሲሚንቶ የክብደት ምጣኔ በመሆኑ፣ ማንኛውም አዲስ ነገር ወደ ድብልቁ ሲገባ አስቀድሞ የሚታየው ውሃው ላይ የሚያደርሰው ለውጥ ነው። ስለዚህ ምንም ያልተጨመረበት መነሻ ድብልቅ አዘጋጅተው ኪዩብ (ጥንካሬው የሚፈተንበት ባለ ስድስት ገጽ ናሙና) ይሙሉ፤ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። አድሚክስቸሩን (የኮንክሪቱን ጠባይ ለመለወጥ በትንሹ የሚጨመረውን ኬሚካል) እና ጠጠሩን አንድ ላይ የቀየረ ሰው፣ ውጤቱ ቢያምርም ቢከፋም ከየትኛው እንደመጣ ማወቅ አይችልም።

ውሃ ቀናሽ አድሚክስቸር ጥንካሬ የሚጨምረው ውሃው በእርግጥ ሲቀነስ ነው። በአንድ ሜትር ኪዩብ 360 ኪሎ ግራም ሲሚንቶና 198 ሊትር ውሃ ያለው ድብልቅ ምጣኔው 0.55 ነው፤ ኃይለኛ ውሃ ቀናሽ በሆነው ሱፐርፕላስቲሳይዘር ውሃው በ15 በመቶ ቢቀነስ ወደ 168 ሊትር ወርዶ ምጣኔው 0.47 ይሆናል፣ ስላምፑም (እርጥብ ኮንክሪት ከሾጣጣ ቅርጽ ማውጫ ሲለቀቅ ዝቅ የሚልበት መጠን) እንደነበረ ሊቆይ ይችላል። ውሃውን ሳይነኩ አድሚክስቸሩን ብቻ ቢጨምሩ ግን የሚያገኙት ቀጠን ያለ ድብልቅ ብቻ ነው፤ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ጠጠሩ ይዘቅጣል፣ ኮንክሪቱም ቶሎ አይጠነክርም። ጥቃቅን የአየር አረፋ የሚፈጥረው አየር አስገቢ አድሚክስቸር ውርጭን ለመቋቋም ይረዳል፤ ሆኖም እያንዳንዱ 1 በመቶ አየር በግምት 5 በመቶ ጥንካሬ ይቀንሳል። ክሎራይድ ያለበት ማፍጠኛ ብረት ስለሚያዝግ አርማታ ውስጥ መግባት የለበትም።

ከፈረሰ ኮንክሪት የተፈጨ ጠጠር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዱን ፍሬ አንስተው ቢያዩት ላዩ ላይ የተጣበቀ ግራጫ አሮጌ ሞርታር (የሲሚንቶና የአሸዋ ቅሪት) ያገኛሉ፤ ውሃ የሚጠጣው በዋናነት እርሱ ነው። 5 በመቶ የሚመጥ 1,000 ኪሎ ግራም ደረቅ ጠጠር እስከ 50 ሊትር ውሃ ይይዛል፤ ድብልቁ ሚክሰር ውስጥ ሲጠጥርም ሠራተኛው በግምት ውሃ ይጨምራል፣ ብዙውን ጊዜ ጥንካሬው የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ጠጠሩን በዋዜማው አርሰው፣ ላዩ ጠፈፍ ሲል ይጠቀሙበት፤ ላዩ ላይ የቀረ ውሃ ካለም ከመደባለቂያው ውሃ ላይ ይቀንሱ።

ለእያንዳንዱ ድብልቅ ስላምፑን ከለኩ በኋላ 150 ሚሊ ሜትር የሆኑ ስድስት ኪዩቦች ሞልተው፣ ውሃ ውስጥ አቆይተው፣ ሦስቱን በ7ኛው፣ ሦስቱን በ28ኛው ቀን ያስፈትኑ። በ630 ኪሎ ኒውተን የተሰበረ ኪዩብ፣ ጭነቱ ለ22,500 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲካፈል፣ 28 ሜጋ ፓስካል ይሆናል። ማዘግያ (ኮንክሪቱ የሚጠጥርበትን ጊዜ የሚያራዝም አድሚክስቸር) ያለበት ድብልቅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝቅ ሊል ስለሚችል በ7ኛው ቀን ውጤት ብቻ አይፍረዱበት።

ኪዩቡ ከታሰበው በታች ከተሰበረ ስብራቱን በቅርብ ይመልከቱ። ስንጥቁ ጠጠሮቹን ዞሮ ካለፈ ድክመቱ ከሲሚንቶው ሊጥ ወይም ከማጣበቁ ነውና ወደ ውሃው መጠንና ወደ ጠጠሩ ንጽህና ይመለሱ፤ እንደ ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ያለውን ቀላል ጠጠር ራሱን ሰንጥቆ ካለፈ ግን ሲሚንቶ መጨመር ወጪ ከማብዛት በቀር እምብዛም አይፈይድም፤ ከፊሉን በጠንካራ ጠጠር ተክተው እንደገና ይሞክሩ።