ማንዋል ይዘው መኪናዎን ሲጠግኑ ከእነዚህ ስህተቶች ይጠንቀቁ

ሰሞኑን እዚህ ደሴ ማንዋሉን ስልኩ ላይ ጭኖ ኮፈን የሚከፍት ወዳጅ በዝቶልኛል። በጣም ደስ ይለኛል። ማንዋል ያነበበ ሰው ጋራዥ ሲሄድም ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል። ግን ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች አሉ፤ ሕይወት የሚያስከፍሉም አሉባቸው።

የመጀመሪያው የሌላ መኪና ማንዋል መያዝ ነው። እኛ ቪትዝ የምንለው መኪና በአውሮፓ ገበያ ያሪስ ነው የሚባለው። ሞተሩ ደግሞ 1.0፣ 1.3 ወይም 1.5 ሊትር ሊሆን ይችላል። በስሙ ብቻ አይፈልጉ። ሊብሬዎ ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ይዘው ይፈልጉ።

ሁለተኛው መለኪያ ማምታታት ነው። ለብዙ የቶዮታ ትንንሽ መኪኖች የጎማ ዳዶ የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር የማጥበቂያ ጉልበት ነው። ይኸው ጉልበት በፓውንድ ጫማ ሲለካ 76 ይሆናል። አንድ ጎረቤቴ 103 የሚለውን አይቶ፣ በፓውንድ ጫማ የሚለካ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ጉልበት የሚለካ ቁልፍ) 103 ላይ ሞላ። ወደ 140 ኒውተን ሜትር መሆኑ ነው። ሦስተኛው ቡሎን እጁ ላይ ተበጠሰ። ደግነቱ ግቢው ውስጥ ነበር፤ መንገድ ላይ ቢሆንስ?

ማስጠንቀቂያ ዘሎ ማንበብም አለ። ክሪክን ብቻ አምነው መኪና ሥር አይግቡ። ደሴ ደልዳላ መሬት እንደልብ አይገኝም። ሜዳ ቦታ ይፈልጉ፣ የብረት ማቆሚያ ያድርጉ፣ ጎማውን በድንጋይ ያግዱ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን የአገልግሎት ሰንጠረዡ ነው። ብዙ ማንዋል ለከባድ አጠቃቀም የተለየ ሰንጠረዥ አለው፤ አቧራና ተራራ እዚያ ውስጥ ይገባሉ። እኛ ግን የተለመደውን አንብበን እንዘጋዋለን። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ያስቡት። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች መንገድ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው። እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለቱን ፍሬን እየረገጡ ሲወርዱ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይሄዳል። ዘይቱ ከፈላ አረፋ ይሠራል፣ ፔዳሉም እግርዎ ሥር ባዶውን ይወርዳል። ስለዚህ «ዘይቱ አልጎደለም» ብለው አይለፉት፤ ጊዜው ሲደርስ ይቀይሩት። ሐረጎንም በከባድ ማርሽ ይውረዱ።

በመጨረሻ፣ ማንዋሉ «ሲገጠም በአፈታቱ ተቃራኒ ነው» ስላለ የወለቀውን ሁሉ መልሰው አይግጠሙ። አንዴ ከተፈቱ የማይመለሱ ጓርኒሲዮኖች (ማሸጊያዎች) እና ቡሎኖች አሉ፤ ሥዕሉ ላይ ምልክት ይደረግባቸዋል። ሳይፈቱ በፊት አዲሱን እጅዎ ያስገቡ። ደሴም ኮምቦልቻም ከጠፋ፣ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መኪናው ተፈትቶ ይቆማል።