የሚመላለስ የብልት ፈንገስ፦ ችግርና መፍትሄ

ፋርማሲ መስኮት ላይ ቆመሽ፣ ከኋላሽ ሰው መኖሩን አይተሽ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «ያቺን ባለፈው የወሰድኳትን» ብለሽ ታውቂያለሽ? አንድ ጊዜ ከሆነ አያስጨንቅም። ከአራት ሴቶች ሦስት ያህሉን ቢያንስ አንዴ ይይዛቸዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተመላለሰ ግን ያንኑ መድኃኒት እየገዙ መቀጠል ዋጋ የለውም። ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

ያሳክካል፤ ግን ፈንገስ ነው?

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያሳከከ ሁሉ ፈንገስ አይደለም። ፈንገስ ሲሆን ማሳከኩ ብርቱ ነው፣ ቆዳው ይቀላል፣ ሽንት ሲነካው ያቃጥላል። ፈሳሹ ነጭና ወፍራም፣ አይብ የመሰለ ነው። መጥፎ ሽታ የለውም።

ፈሳሹ ቀጭንና ግራጫ ሆኖ የዓሣ ሽታ ካለው፣ በተለይ ከግንኙነት በኋላ የሚብስ ከሆነ፣ ችግሩ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። የፈንገስ መድኃኒት አይሠራበትም። ቢጫ ወይም አረንጓዴ አረፋማ ፈሳሽ ደግሞ ትሪኮሞናስ የሚባለውን ጥገኛ ተውሳክ ያስጠረጥራል። እሱ በግንኙነት ስለሚተላለፍ ባልም መታከም አለበት። ፈሳሽ ሳይኖር ማሳከክ ብቻ ሲሆን ሳሙናው፣ ሽቶ ያለው ሞዴስ ወይም የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል።

መፍትሄው ናሙና ሰጥቶ በማይክሮስኮፕ ማስታየት ነው። ላቦራቶሪ በሌለበት ቦታ ምልክት ታይቶ መድኃኒት ይታዘዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ይሁን እሺ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ግን በግምት አትታከሚ። ትኩሳት፣ ከእምብርት በታች ሕመም ወይም ቁስል ካለ ቀን አትቁጠሪ፣ ሂጂ።

አንቲባዮቲክ በወሰድሽ ቁጥር ይመጣል

ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ብዙ ጤነኛ ሴቶች ላይም በጥቂቱ ይኖራል። ጎረቤቶቹ የሆኑት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች እንዳይበዛ ይይዙታል። ለጉሮሮ ብለሽ የዋጥሽው አሞክሳሲሊን እነሱንም ይፈጃቸዋል፤ ፈንገሱ ሜዳው ይለቀቅለታል። ስለዚህ ለጉንፋን አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ ይቅር፤ ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ በእሱ አይድንም። ሐኪም ካዘዘልሽ ደግሞ «ሁሌ ፈንገስ ያመጣብኛል» ብለሽ ቀድመሽ ንገሪው።

በታጠብሽ ቁጥር ይብሳል

ሳሙና፣ ሎሚ፣ የጨው ውሃ ወደ ውስጥ አይገባም። ብልት ውስጡን ራሱ ያጸዳል። ውጪውን በንጹህ ውሃ መለቅለቅ ይበቃል። ጢስ ወዳጆች ይቆጡኝ ይሆናል፤ ግን በተቆጣ ቆዳ ላይ ሙቀትና ጭስ ማሳከኩን ያባብሳል እንጂ ፈንገስ አይገድልም። ነጭ ሽንኩርት የሚያስገቡም አሉ። እባካችሁ፣ ያቃጥላል። እርጎውን ጠጪው፣ መድኃኒት ግን አታድርጊው። የጥጥ ፓንት ልበሺ፤ ያላበሽበትን ታይት ቶሎ ቀይሪ።

ይሻለኛል፣ በወሩ ይመለሳል

መጀመሪያ ስኳርሽን ተለኪ። ቁጥጥር የሌለው ስኳር ለፈንገስ ድግስ ነው፤ አንዳንዷ ስኳር እንዳለባት የምታውቀው በዚህ ነው። የኤችአይቪ ምርመራም አድርጊ። እርግዝናና ስቴሮይድ መድኃኒትም ያመላልሱታል።

ሌላው ምክንያት ሕክምናው ማጠሩ ነው። ፍሉኮናዞል የምትባለው የሚዋጥ የፈንገስ መድኃኒት፣ አንዲት 150 ሚሊግራም፣ ቀላሉን ታድናለች፤ የሚመላለሰውን ግን አትችለውም። ለእሱ ሐኪሞች በብዛት የሚያዙት በ1ኛው፣ በ4ኛውና በ7ኛው ቀን አንድ አንድ፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ለ6 ወር ነው። ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ከጨረሱም በኋላ እስከ ግማሽ የሚደርሱት ሴቶች ላይ ሊመለስ ይችላል፤ ያኔ እንደገና ወደ ሐኪም ነው።

ይህንን በራስሽ አትጀምሪው። ፍሉኮናዞል ከደም ማቅጠኛው ዋርፋሪንና ከአንዳንድ የስኳር ክኒኖች ጋር ይጋጫል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ የሚዋጠው ይቅርብሽ፤ የሚታዘዘው በብልት የሚገባ እንደ ክሎትሪማዞል ያለ መድኃኒት ለ7 ቀን ነው። አንዳንዱ ክሬም ኮንዶም ያሳሳል፤ አትርሺው።

ፍሉኮናዞል ጭራሽ አልነካውም

ምርመራው ፈንገስ ነው ካለ፣ ዓይነቱ ሌላ ይሆናል፤ ለምሳሌ ካንዲዳ ግላብራታ ፍሉኮናዞልን ብዙ አይፈራም። ወይም የለመድሽው ፈንገስ ራሱ መድኃኒቱን ተላምዷል። እዚህ ላይ ካልቸር፣ ማለትም ናሙናውን ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድጎ የፈንገሱን ዓይነት መለየት፣ ያስፈልጋል። አንዱ አማራጭ 600 ሚሊግራም ቦሪክ አሲድ ያለው፣ በብልት የሚገባ ካፕሱል ነው፤ ለ3 ሳምንት በሐኪም ትእዛዝ። ከተዋጠ መርዝ ነው፣ ለነፍሰ ጡርም አይሆንም።

«ባሌ ነው የሚያመጣብኝ» የሚል ጥርጣሬም ትዳር ያውካል። ፈንገስ በአብዛኛው የአባላዘር በሽታ ተብሎ አይቆጠርም። እሱ ካላሳከከውና ካልቀላ መታከም አያስፈልገውም።

ልትመረመሪ ስትሄጂ ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ወደ ውስጥ አትታጠቢ፣ ክሬምም አታስገቢ፤ ውጤቱን ያበላሻል። እስካሁን የወሰድሽውን መድኃኒት ማሸጊያ ሰብስበሽ ያዢ፤ መቼ መቼ እንደተመለሰብሽም ስልክሽ ላይ ጽፈሽ አሳዪ።