የጎረቤት ጓዳ ሲጎድል፦ የማኅበረሰብ የምግብ ሥራ እንዴት ይጀመራል?

በአንድ አካባቢ ጦማቸውን የሚያድሩ ቤተሰቦች መኖራቸው ሲታወቅ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ ምግብ አሰባስቦ ማደል ነው። ሐሳቡ ከርኅራኄ የሚመነጭ በመሆኑ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ቤተሰቡ ምግብ ያጣበት ምክንያት ሳይታወቅ የተጀመረ እደላ ከጥቂት ወራት በኋላ ለጋሾቹን አድክሞ፣ ተቀባዮቹን አሸማቅቆ ይቆማል። ስለዚህ ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች ከድስትና ከጆንያ በፊት የሚያስፈልጋቸው ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውን የሚመልሱት፣ ውሎ አድሮም ሥራውን የሚመሩት እጦቱን በቤታቸው የሚያውቁት ሰዎች ሊሆኑ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1996 በሮም የተካሄደው የዓለም የምግብ ጉባኤ፣ የምግብ ዋስትና አለ የሚባለው ሰዎች ሁሉ በማንኛውም ጊዜ ለጤናማና ለንቁ ሕይወት የሚበቃ፣ ደኅንነቱ የተጠበቀና ገንቢ ምግብ ማግኘት ሲችሉና የመግዛትም ዐቅም ሲኖራቸው እንደሆነ ተስማምቷል። ትርጓሜው ስለ ምግቡ መኖር ብቻ ሳይሆን ሰው እጅ ስለ መድረሱም የሚናገር በመሆኑ ጥሩ መነሻ ነው። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1943 በቤንጋል የደረሰውን ታላቅ ረኃብ መርምረው እንዳስረዱት፣ ያ ሁሉ ሰው ያለቀው በዋናነት እህል ከአገር ስለጠፋ ሳይሆን የቀን ሠራተኛውና የመሰሉት ድኾች ገቢ የእህሉን ዋጋ መከተል ስላቃተው ነበር። በአንድ ሰፈር ደረጃም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ገበያው ሞልቶ ኪስ የጎደለበት ቤት አለ፤ ገንዘቡ ኖሮት ገበያ የሚወጣበት ጉልበት ወይም መጓጓዣ የሌለው አረጋዊ አለ፤ እህል ቢሰጠው እንኳ ማብሰያና ማገዶ የሌለው አለ፤ በወሩ መጀመሪያ ደኅና ሰንብቶ ደመወዝ ሊደርስ ሲል የሚራብ ቤተሰብም አለ። ለአራቱም አንድ ዓይነት ጥቅል ማደል ለአንዳቸውም በቅጡ አለመድረስ ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ ሰዎችን ሰብስቦ እጅ ማስወጣት አይበጅም። ረኃብ ሰው አጥብቆ የሚደብቀው ገመና ነው፤ ይሉኝታ የያዘው ወላጅ ለልጆቹ አቅርቦ እሱ «በልቻለሁ» እያለ ሊከርም ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በብዙ አገሮች የሚጠቀምበት 8 ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ እዚህ ላይ ይረዳል። ጥያቄዎቹ በገንዘብ ወይም በሌላ ዐቅም ማነስ ምክንያት ስለ ደረሰ ችግር የሚጠይቁ ሲሆኑ፣ ምግብ ያልቅብናል ብሎ ከመሥጋት ይጀምራሉ፤ ጤናማና ገንቢ ምግብ ማጣት፣ በጥቂት የምግብ ዓይነቶች መወሰን፣ አንድ ማዕድ መዝለል፣ ከሚገባው በታች መብላት፣ ቤት ውስጥ ምግብ ማለቅ፣ እየራበ አለመብላት እያሉ ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ እስከ መዋል ይደርሳሉ። «ተርበዋል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋ ሰው፣ «ባለፉት 30 ቀናት ምግብ ያልቅብኛል ብለው የሠጉበት ጊዜ ነበር?» ሲባል መልስ መስጠት ይቀለዋል። በእነዚህ ላይ እጥረቱ በወሩ በየትኛው ሳምንት እንደሚበረታ፣ ቤቱ ማብሰያ እንዳለውና ገቢው በብዛት በምን ላይ እንደሚውል መጠየቅ ያስፈልጋል። ጠያቂዎቹ የተከበሩ፣ ምስጢር የማያወጡ፣ ነገር ግን የተጠያቂው ግድግዳ ተጋሪ ያልሆኑ ሰዎች ይሁኑ፤ ቅጹ ላይም ስም ሳይሆን ቁጥር ይጻፍ። በእኔ እምነት 40 ቤቶችን ቁጭ ብሎ ማነጋገር 400 ቅጽ አስሞልቶ ከመመለስ ይሻላል።

የተገኘው መልስ የሥራውን ዓይነት ይወስናል። ጥቂትም ቢሆን ገቢ ላለውና ዋጋ ለከበደው ሰፈር የሚስማማው የጋራ ግዥ ነው፤ እንደ እደላ ብዙ ባይወራለትም ሊቀድም የሚገባው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ድኻ ቤተሰብ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚገዛ ለአንድ ኪሎ የሚከፍለው በጆንያ ከሚገዛው ይበልጣል፤ 20 ቤቶች ፍላጎታቸውን ሲያዋሕዱ ግን የጅምላ ዋጋ ይደርሳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዟ ሮችዴል 28 ሰዎች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሸማኔዎች፣ ያጠራቀሟትን ገንዘብ አዋጥተው ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና አጃ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ባዕድ ነገር ያልተደባለቀበት ሸቀጥ በትክክለኛ ሚዛን መሸጥ፣ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ መስጠትና ትርፉን አባላት በገዙት መጠን ማከፋፈል ደንባቸው ነበር፤ ዛሬም የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከሚመሩባቸው መርሖዎች ብዙዎቹ ከዚያ የተወረሱ ናቸው። ጀማሪ ቡድን በሦስት ወይም በአራት ቶሎ የማይበላሹ ሸቀጦች፣ ለምሳሌ በእህል፣ በጥራጥሬና በዘይት ቢወሰን ይመረጣል። ገንዘቡ ከግዥው በፊት ይሰብሰብ፤ በአንድ ጊዜ መክፈል ለማይችለው በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት የሚያስቀምጥበት ደብተር ይከፈትለት እንጂ በዱቤ አይሰጥ፤ ዱቤ መተማመንን ቶሎ ያሻክራል። ዕቃው ሲደርስም በአባላት ፊት ይመዘን፤ በመስፈርና በመፍሰስ የሚጎድለው ታስቦ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል አስቀድሞ ዋጋው ላይ ይታከል።

ማብሰያ ለሌለው፣ ብቻውን ለሚኖርና በሥራ ብዛት ለማብሰል ጊዜ ላጣ ሰው የሚበጀው የጋራ ኩሽና ነው። በፔሩ መዲና ሊማ በድኻ ሰፈሮች የሚኖሩ ሴቶች ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያላቸውን አዋጥተው በተራ ሲያበስሉ፣ በየቤቱ በትናንሽ ድስት ላይ የሚያልቀውን ማገዶና ጊዜ አድነዋል፤ ተራ ያልደረሳቸውም ሥራቸውን ለመሥራት ፋታ አግኝተዋል። ሆኖም የጋራ ኩሽና አንድ ስሕተት በአንድ ቀን ብዙ ሰው ሊያሳምም የሚችልበት ቦታ በመሆኑ እዚህ ላይ መዘግየት ተገቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለምግብ ደኅንነት የሚመክራቸው አምስት ቁልፍ ነገሮች ንጽሕናን መጠበቅ፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፣ በደንብ ማብሰል፣ ምግብን በተገቢው ሙቀት ማቆየት፣ ንጹሕ ውኃና ጤናማ ጥሬ ዕቃ መጠቀም ናቸው። የምግቡ መሃል ቢያንስ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይድረስ፤ እስኪበላ ድረስ በትኩሱ የሚቆየው ከ60 ዲግሪ በላይ፣ በቅዝቃዜ የሚቀመጠው ከ5 ዲግሪ በታች ይሁን፤ የበሰለ ምግብም በክፍሉ ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። በ5 እና በ60 ዲግሪ መካከል ተሕዋስያን በፍጥነት ይራባሉና። ትልቅ ድስት እንደተከደነ ሲያድር ዳር ዳሩ ቀዝቅዞ መሃሉ ለብ እንዳለ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ የተረፈው ጥልቀት ወደሌላቸው ዕቃዎች ተገልብጦ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ማድረግ ያስፈልጋል። የምግብ ቴርሞሜትር ከተጨማሪ ድስት በፊት ሊገዛ የሚገባው ዕቃ ነው። ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው አብሳይ ሕመሙ ከተወው በኋላ 48 ሰዓት ሳይሞላው ወደ ኩሽና አይመለስ፤ ይህን ሲያደርግም ተራውን እንዳያጣና እንዳይወቀስ ደንቡ ላይ ይጻፍ፤ አለዚያ ሕመሙን ደብቆ ይመጣል።

ሦስተኛው መንገድ ከመደብሮችና ከአምራቾች የሚተርፈውን ምግብ ማሰባሰብ ነው። ጆን ቫን ሄንገል እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካዋ ፊኒክስ ከተማ ካቋቋሙት የምግብ ባንክ (የተረፈ ምግብ ሰብስቦ ለችግረኞች የሚያደርስ ተቋም) ወዲህ አሠራሩ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል፤ ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ ትልልቅ መደብሮች ሊበላ የሚችል ያልተሸጠ ምግብ ሆን ብለው እንዳያበላሹ ከልክላ፣ ከበጎ አድራጎት ማኅበራት ጋር የልገሳ ውል እንዲፈራረሙ አድርጋለች። ከለጋሹ ጋር የሚደረገው ስምምነት በጽሑፍ ሆኖ፣ የመረከቢያውን ቀንና ሰዓት፣ ማን እንደሚያጓጉዝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተረካቢው የማይበጀውን የመመለስ መብት እንዳለው ይግለጽ፤ ይህ መብት ከሌለ መጋዘኑ የሌሎች ቆሻሻ መጣያ ይሆናል። «እስከዚህ ቀን ይጠቀሙ» የሚለው ጽሑፍ ስለ ደኅንነት የሚናገር ስለሆነ ቀኑ ካለፈ ምግቡ ይወገዳል፤ «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል» የሚለው ግን ስለ ጣዕምና ጥራት የሚናገር በመሆኑ ቀኑ ማለፉ ብቻውን ለመጣል አያበቃም። ያበጠ፣ የሚያፈስ ወይም መገጣጠሚያው የተጨራመተ ቆርቆሮ ያለ ክርክር ይጣል።

የጋራ አትክልት ቦታ ለገበታ ዓይነት የሚጨምር መልካም ሥራ ቢሆንም ዛሬ ለተራበ ሰው መልስ አይደለም። ከመትከል በፊት የመሬቱ ባለቤትነት በጽሑፍ ይረጋገጥ፤ ቦታው ከመኪና መንገድ ወይም ከቀድሞ ፋብሪካ አጠገብ ከሆነም አፈሩ እርሳስ በተባለው መርዛማ ብረት አለመበከሉ ይመርመር።

ምግቡ በየትኛውም መንገድ ቢገኝ አሰጣጡ ሰውን እንዳያዋርድ ማድረግ የሥራው ልብ ነው። የብራዚሏ ቤሎ ሆሪዞንቴ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1993 ምግብ የዜጎች መብት መሆኑን ተቀብላ ለጉዳዩ ራሱን የቻለ የከተማ መሥሪያ ቤት አቋቁማለች፤ ከተማዋ በምትደጉማቸው የሕዝብ ምግብ ቤቶች ማንኛውም ሰው ድኽነቱን ሳያስመሰክር ገብቶ በዝቅተኛ ዋጋ መብላት ይችላል። ሁሉም ስለሚገባበት በዚያ በር መግባት የማንንም ገመና አያወጣም። በትንሽ ሥራ ላይም ይህን መከተል ይቻላል፤ ዕቃው በመደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ሰዎች ለቤታቸው የሚስማማውን ራሳቸው እንዲመርጡ፣ ሰልፍ ከመንገድ እንዳይታይ፣ የቀን ሠራተኛ ሥራውን ሳይተው የሚመጣበት የምሽት ሰዓት እንዲኖር ማድረግ ነው። ሰው ምግብ ሲቀበል ፎቶ ማንሳት ፈጽሞ መቅረት አለበት፤ ለጋሽ ቢጠይቅ እንኳ የመጋዘኑ መዝገብና የወጪው ሒሳብ ይላክለት።

አስተዳደሩን በተመለከተ፣ ከኮሚቴው አባላት ቢያንስ ግማሾቹ ከምግቡ የሚጠቀሙ ሰዎች ይሁኑ፤ ስብሰባውም እነርሱ በሚመቻቸው ሰዓት ይደረግ፤ አለዚያ መቀመጫ እንጂ ድምፅ አይኖራቸውም። የሚገዛው፣ ገንዘብ የሚይዘውና መዝገብ የሚጽፈው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ ገንዘብ ሲወጣ ሁለት ፊርማ ይኑር፤ በየሳምንቱ የመጋዘኑ ቆጠራ ከመዝገቡ ጋር ተነጻጽሮ ውጤቱ ሁሉም በሚያየው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ይህ ሰውን ከመጠርጠር የመጣ አይደለም፤ ቅን ሰው በሐሜት እንዳይጎዳ የሚከላከልለት ነው።

ከስድስት ወር በኋላ ለእነዚያው ቤቶች እነዚያው 8 ጥያቄዎች ይቅረቡ። የታደለው ኪሎ ቢበዛም ማዕድ የሚዘልሉት ቤቶች ቁጥር ካልቀነሰ፣ አሠራሩ ይለወጥ። የደመወዝ ማነስንና የቤት ኪራይን መወደድ ግን የሰፈር ድስት አይፈታውም፤ ስለዚህ ከስም የጸዳው ውጤት ለአካባቢው አስተዳደርና ለምክር ቤት ተወካዮች በጽሑፍ ይቅረብ። በዚሁ ጊዜ መምጣት ያቆሙትን ሰዎች በየቤታቸው ሄዶ ማነጋገር አይረሳ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ኑሯቸው ተሻሽሎ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዶቹ ግን በሩ ላይ የተነገራቸው አንድ ቃል ከፍቷቸው ቀርተው ይሆናል፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ቤታቸው ድረስ ሄዶ ሲጠየቁ ብቻ ነው።