የሊቅ ዳኛን ፍርድ እንዴት መመርመር ይቻላል? የካሪ ባክ መዝገብ እንደ መለማመጃ

ዳኛው ሊቅ ነው ማለት ፍርዱ ልክ ነው ማለት አይደለም። ይህን ሁሉም ይስማማበታል፤ ፍርዱን ሲያነብ ግን ይረሳዋል። አምሮ የተጻፈ በደል ደግሞ ዕድሜው ረጅም ነው፦ ተማሪ በቃሉ ይይዘዋል፣ ሌላ ዳኛ ይጠቅሰዋል፣ ሕግ አውጪ ይመረኮዝበታል። ስለዚህ ጸሐፊው በተራቀቀ ቁጥር ምርመራውም መጥበቅ አለበት።

ለመለማመጃ የሚመቸው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በባክ እና በቤል ጉዳይ ሜይ 2 ቀን 1927 እ.ኤ.አ. የሰጠው ፍርድ ነው። የጻፈው ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ነው፤ በዚያ አገር የሕግ ታሪክ ከታላላቆቹ ዳኞች አንዱ። ፍርዱ፣ ቤል በሚመራው የአእምሮ ደካሞች ተቋም የነበረች ካሪ ባክ የተባለች ወጣት፣ የአእምሮ ድክመት በዘር ይተላለፋል በሚል ምክንያት፣ ያለፈቃዷ እንዳትወልድ እንድትደረግ ለቨርጂኒያ ግዛት ፈቀደ። ጥቂት ገጽ ብቻ ስለሆነ በሁለት ሰዓት ይሠራል። በወረቀት አትሙት፤ ሰማያዊ፣ ቀይና አረንጓዴ እስክርቢቶ አዘጋጁ።

መጀመሪያ ዝነኛውን ዓረፍተ ነገር ፈልጋችሁ በቁራጭ ወረቀት ሸፍኑት። በዚህ ፍርድ መጨረሻ አካባቢ ያለው «ሦስት ትውልድ ዘገምተኛ ይበቃል» የሚለው ነው። ብዙ አንባቢ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ መደምደሚያውን ይዞ ስለሚገባ ከፊቱ ያለው ሁሉ ማስረጃ ይመስለዋል።

ቀጥሎ ዳኛው እንደ ፍሬ ነገር የሚያስቀምጠውን ሁሉ በሰማያዊ አስምሩ። ከእያንዳንዱ አጠገብ «ማን መሰከረ? በምን አወቀ?» ብላችሁ ጻፉ። ሆምስ ሦስት ነገር ይላል፦ ካሪ የአእምሮ ደካማ ናት፣ እዚያው ተቋም ያለችው እናቷም እንዲሁ፣ ያለ ጋብቻ የወለደቻት ልጅም እንዲሁ። ከዚያ ወደ ሥር ፍርድ ቤቱ መዝገብ ውረዱ። በኖቬምበር 1924 ጉዳዩ ሲሰማ ሕፃኗ ቪቪያን ስምንት ወር እንኳ አልሞላትም። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ የሰጠችው ምስክርነት ፍሬው ይህ ነው፦ መልኳ ላይ ልክ ያልሆነ ነገር አለ፣ ምን እንደሆነ ግን መናገር አልችልም። ሌላው ምስክር፣ የዘር ማሻሻል አቀንቃኙ ሃሪ ላውሊን፣ ካሪን በዓይኑ ሳያይ የጽሑፍ ቃል ላከ። ካሪ ደግሞ ያረገዘችው ባሳደጓት ሰዎች ዘመድ ተደፍራ እንደሆነ ተናግራለች፤ ፍርዱ ውስጥ ይህ የለም።

አብዛኛውን ጊዜያችሁን የምትሰጡት ለቀጣዩ ሥራ ነው፦ የተጠቀሰውን ቀደምት ፍርድ ራሱን ማንበብ። ሆምስ የግዴታ ክትባትን የሚደግፈው መርህ የማሕፀን ቱቦን መቁረጥንም ለመሸፈን ይሰፋል ይልና የ1905ቱን የጃኮብሰንን ጉዳይ ይጠቅሳል። ዓረፍተ ነገሩ አጭርና ልበ ሙሉ ስለሆነ አንባቢ አምኖ ያልፋል። እናንተ ወረቀት ለሁለት ክፈሉና አወዳድሩ። በጃኮብሰን በኩል፦ ፈንጣጣ ከተማው ውስጥ ገብቷል፣ አደጋው የዛሬ ነው፣ እምቢ ያለ ሰው ቅጣቱ አምስት ዶላር ነው። በካሪ በኩል፦ ወረርሽኝ የለም፣ ተፈራ የተባለው ገና ያልተፀነሰ ልጅ ነው፣ የሚወሰደው ደግሞ የማይመለስ የሰውነት ክፍል አገልግሎት ነው። ከሁለት በላይ መሠረታዊ ልዩነት ካገኛችሁና ዳኛው አንዱንም ካላነሳ፣ ጥቅሱ ሥራ አልሠራም ብላችሁ በቀይ ጻፉበት።

ማነጻጸሪያዎችን በአረንጓዴ አስምሩ። ሆምስ አገር ከምርጥ ዜጎቿ ሕይወት ትጠይቃለች፣ ታዲያ ከእነዚህ ያነሰ መሥዋዕትነት ብትጠይቅ ምን ይገርማል ይላል። ራሱ በእርስ በርስ ጦርነቱ ሦስት ጊዜ የቆሰለ ሰው ስለሆነ ቃሉ ክብደት አለው። ነገር ግን ወታደሩ የሚሞተው አገሩ ስለተወጋች ነው፤ ካሪ አገሯን በምን እንደጎዳች ደግሞ ገና አልተረጋገጠም። ማነጻጸሪያው ማስረጃ የጎደለበትን ቦታ ሸፍኖ ቆሟል።

ሥነ ሥርዓቱ ሲወደስም ንቁ። ፍርዱ ማስታወቂያ ተሰጥቷል፣ ሞግዚት ተሹሟል፣ ይግባኝ ተፈቅዷል እያለ በዝርዝር ይቆጥራል። ሁሉም በወረቀት ላይ እውነት ነው። አሁን ጠበቃዋ ማን እንደነበር ፈልጉ፦ ኧርቪንግ ኋይትሄድ ቀድሞ የዚያው ተቋም ቦርድ አባል፣ ሕጉን ያረቀቀውና ለተቋሙ የተከራከረው የኦብሪ ስትሮድም ወዳጅ ነበር። ለካሪ አንድ ምስክር እንኳ አልጠራም። የተሸናፊው ክርክር ደካማ ሆኖ ከታየ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን አዳከመው የሚለው ነው። የእኩልነት መብት ክርክሯን ሆምስ የሕገ መንግሥት ሙግት የተለመደ የመጨረሻ መጠጊያ ነው ብሎ ያጣጥለዋል፤ ለመልሱ የሰጠውን መስመር ቁጠሩ። ውሳኔው 8 ለ 1 ነው፤ የተለየው ፒርስ ባትለር ምክንያቱን አልጻፈም።

ሁለት ስሕተት ተጠንቀቁ። አንደኛው «ዘመኑ ነው» ማለት ነው። የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1913 ተመሳሳይ ሕግ ሽሮ ነበር፤ ስለዚህ በዘመኑ ማየት ይቻል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ዳኛውን በጅምላ መጣል ነው። ያው ሆምስ በ1919 በአብራምስ ጉዳይ የጻፈው የልዩነት ሐሳብ እስከ ዛሬ የመናገር ነፃነት ምሰሶ ነው። እያንዳንዱ ፍርድ በራሱ ምክንያት ይመዘን።

ይህ ልምምድ ለኛም ይጠቅማል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። በሐተታው ውበት የታለፈ አንድ የፍሬ ነገር ግድፈት በሌላ ሰው መዝገብ ላይ ተመልሶ ይመጣል። የሰበር ውሳኔ ስትይዙ ከሐተታው በፊት የሥር ፍርድ ቤቶቹ ምን ማስረጃ እንደሰሙ የሚዘረዝረውን ክፍል አስምሩ።

በመጨረሻ ከፍርዱ በኋላ የሆነውን በኅዳጉ ላይ መዝግቡ። ካሪ ኦክቶበር 19 ቀን 1927 ቀዶ ጥገናው ተደረገባት። እህቷ ዶሪስም ተመሳሳይ ደረሰባት፤ የተነገራት ግን የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና እንደሆነ ነበር። በአሜሪካ ከ60,000 በላይ ሰዎች በእንዲህ ዓይነት ሕጎች እንዳይወልዱ ተደርገዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኑረምበርግ በተከሰሱ ናዚዎች በኩልም ፍርዱ ለመከላከያ ተጠቅሷል። ቨርጂኒያ ሕጉን የሻረችው በ1974 ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ፍርዱን እስካሁን በግልጽ አልሻረውም።

አሁን ወረቀቱን አንሱና የሸፈናችሁትን ዓረፍተ ነገር አንብቡ። ሦስት ይላል። ሦስተኛዋ ቪቪያን ናት፦ ትምህርት ቤት ገብታ ስሟ በክብር ዝርዝር ላይ ወጥቶ ነበር፤ በ1932 በስምንት ዓመቷ ታማ ሞተች።