አውቶፓይለቱና የአብራሪው እጅ ሲጣሉ፦ ችግርና መፍትሄ

አውቶፓይለት ሲበራ አውሮፕላኑን የሚመራው እሱ ነው፤ ሲጠፋ አብራሪው። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ መካከል፣ ማን እንደያዘው ሳይለይ ሲቀር ነው። ይህ ጽሑፍ ለበረራ ተማሪዎችና በሲሙሌተር ለሚለማመዱ ሰዎች ነው፤ የየአውሮፕላኑ መመሪያ ግን ምንጊዜም ይቀድማል።

መሪው አልታዘዝ ይላል

ምክንያቱ፦ አውቶፓይለቱ አልጠፋም። በቦይንግ አውሮፕላኖች አውቶፓይለቱ መሪውን ጭምር ስለሚያንቀሳቅሰው ግፊቱ እጅ ላይ ይታወቃል። በኤርባስ ኤ320 ደግሞ በጎን ያለው ዘንግ መካከለኛ ቦታው ላይ ይቆለፋል። በብዙ አውሮፕላኖች በኃይል መግፋት አውቶፓይለቱን ያላቅቀዋል፤ በዚህ መተማመን ግን አደገኛ ልማድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 ናጎያ ላይ ሊያርፍ የነበረ ኤርባስ ኤ300 የዚህ ምስክር ነው። ረዳት አብራሪው ሳያስበው አውሮፕላኑ ማረፉን ትቶ መልሶ እንዲነሳ የሚያዘውን ማንሻ ነካ፤ ቀጥሎም አውቶፓይለቱ በራ። አብራሪው አፍንጫውን ወደ ታች ሲገፋ አውቶፓይለቱ በትሪም (አውሮፕላኑ ያለ እጅ ግፊት ሚዛኑን እንዲጠብቅ በሚያደርገው ማስተካከያ) የጅራቱን አግዳሚ ክንፍ ወደ ተቃራኒው ያዞር ነበር። አብራሪው በመሪው የሚያዘው ኤሌቬተር (አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያደርገው የጅራቱ ተንቀሳቃሽ ክፍል) ትንሽ ነው፤ ትሪም የሚያንቀሳቅሰው ክንፍ ትልቅ ነው፤ ሁለቱ ሲጣሉ ትልቁ ያሸንፋል። በመጨረሻ ሞተሩ በሙሉ ኃይል ሲሠራ አፍንጫው ወደ ላይ ተሰቀለ፤ ክንፉም የማንሳት ኃይሉን አጣ። 264 ሰዎች ሞቱ።

መፍትሄው፦ አይታገሉ። መሪው ላይ ያለውን የማላቀቂያ ቁልፍ ይጫኑ፣ የትሪሙን ቦታ ይመልከቱ፣ አውሮፕላኑን መያዝዎን ለባልደረባዎ ጮክ ብለው ይንገሩ።

አውቶፓይለቱ እንደተላቀቀ አውሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን ይገለበጣል፣ ወይም አፍንጫው ይደፋል

ምክንያቱ፦ አውቶፓይለቱ ዝም ብሎ ተሸክሞት የቆየው ሸክም ነው፤ የሞተር መድከም፣ የነዳጅ አለመመጣጠን ወይም በረዶ። እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ ቦይንግ 747ኤስፒ በ41,000 ጫማ ላይ የአንዱን ሞተር ኃይል አጣ። አውቶፓይለቱ የጅራቱን ራደር (አፍንጫውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞረውን ቀጥ ብሎ የቆመ ክፍል) ስለማያዝ በክንፎቹ ብቻ ሚዛኑን ይጠብቅ ነበር። ፍጥነቱ እየወረደ ሄደ፤ ካፒቴኑ አውቶፓይለቱን ሲያላቅቅ አውሮፕላኑ ተገልብጦ ወደቀ። ከውድቀቱ የወጣው 9,500 ጫማ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ የሞተ ሰው አልነበረም።

መፍትሄው፦ ከማላቀቅዎ በፊት መሪው ወደ የት እንዳዘነበለ ያስተውሉ፣ አጥብቀው ይያዙት፣ እግርዎን የራደር ፔዳሎች ላይ ያድርጉ። ሞተር ከደከመ በራደር ያስተካክሉ። በከባድ በረዶ ውስጥ በእጅ መብረር ይሻላል፤ የመሪውን ለውጥ እጅ ቀድሞ ያውቃል።

ማንም ሳያዝ ከፍታው ይቀንሳል

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የተነካ መሪ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1972 ማያሚ አቅራቢያ የአንድ ትራይስታር (የሎክሂድ መንገደኛ አውሮፕላን) አብራሪዎች በማረፊያ ጎማ አመልካች መብራት ተጠምደው ሳለ ከፍታ የሚጠብቀው ክፍል ተላቀቀ። አውሮፕላኑ ቀስ እያለ ወርዶ ረግረግ ውስጥ ተከሰከሰ። መፍትሄው የሥራ ክፍፍል ነው፦ አንዱ መብራቱን ሲጠግን ሌላው ከመብረር በቀር ምንም አይሥራ።

አውቶፓይለቱ ራሱ ይላቀቃል፣ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል

ምክንያቱ የመለኪያዎች አለመስማማት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 አትላንቲክ ውስጥ በወደቀው ኤርባስ ኤ330 ላይ የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹን የዘጋው በረዶ የቆየው ከ1 ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነበር፤ ጥፋቱን ያባባሰው አፍንጫውን ወደ ላይ መሳቡ ነው። መፍትሄው፦ መሪውን ወዲያና ወዲህ አያወዛውዙ፤ ለዚያ ከፍታ የታወቀውን የአፍንጫ ማዕዘንና የሞተር ኃይል ይያዙ፣ ከዚያ መለኪያዎቹን እርስ በርስ ያነጻጽሩ።

አውቶፓይለቱ በርቷል፣ ፍጥነቱ ግን ይወርዳል

የሞተሩን ኃይል የሚቆጣጠረው ሌላ ሥርዓት ነው፤ እሱ ጠፍቶ ወይም በሌላ ስልት ላይ ሆኖ ሊሆን ይችላል። በማያው ላይ ያለውን ስልት ያንብቡ፣ የኃይል ማንሻዎቹን በእጅዎ ወደፊት ይግፉ።