ቢልዱን ለማሽን ስናስረክብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ፒያሳ ላለ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የዕቃ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሠርቼ ነበር። ኢንስታለሩን (ሶፍትዌሩን የሚጭነውን ፋይል) ላፕቶፔ ላይ አዘጋጅቼ በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። ስከፍተው «ቪሲራንታይም140 የሚባል ፋይል የለም» አለኝ። ባለሱቁ ቡና አዘዙልኝ፤ እኔን ላብ አጠመቀኝ። ፋይሉ ለካ እኔ ጋ ኮድ ከምጽፍበት ከማይክሮሶፍቱ ቪዡዋል ስቱዲዮ ጋር አብሮ የተጫነ ነው። መደብሩ ኮምፒውተር ላይ ግን ከየት ይምጣ?

ከዚያ ወዲህ ቢልዱን፣ ማለትም ኮዱን ወደሚሠራ ሶፍትዌር የመቀየሩን ሥራ፣ ለጊትሃብ አክሽንስ ሰጠሁት፤ ኮድ የሚቀመጥበት ጊትሃብ በራሱ ሰርቨር ላይ የሚሰጠው አገልግሎት ነው። ኮድ በላክሁ ቁጥር ራሱ ይገነባል፣ ይፈትሻል፣ ኢንስታለር ያወጣል። ችግሩ ግን በዚህ አላበቃም።

የመጀመሪያው ስህተት ሰርቨሩ ላይ ስለተገነባ ብቻ ይሠራል ብሎ ማመን ነው። የጊትሃብ የዊንዶውስ ማሽን ላይም ቪዡዋል ስቱዲዮ አለ! የፒያሳው ዓይነት ጉድለት እዚያም አይታይም። ኢንስታለሩ ምንም ያልተጫነበት ዊንዶውስ ላይ መሞከር አለበት። ዊንዶውስ ፕሮ ያለው ሰው ዊንዶውስ ሳንድቦክስን ይክፈት፤ በተከፈተ ቁጥር ባዶ ነው።

ሁለተኛው ቨርዥን አለመቆለፍ። «ሌትስት» (የቅርቡ) ያልነው ነገር ከርሞ ሌላ ነው። ላይብረሪውንም (ከሌላ የተዋስነውን ኮድ)፣ ኮምፓይለሩንም (ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረውን)፣ የማሽኑን ዓይነትም በቁጥር እንጻፍ።

ሦስተኛው የእኛው የአማርኛ ጣጣ ነው። ሲፕላስፕላስ ኮድ ውስጥ «ደረሰኝ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ጋ በደንብ ይታያል፤ ሰርቨሩ የገነባው ላይ ግን የማይነበብ ዝብርቅርቅ ሆኖ ወጣ። እኔ ዊንዶውሴን አማርኛ እንዲመቸኝ ብዬ ሁሉንም በዩቲኤፍ-8 (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በሚይዘው አጻጻፍ) እንዲያነብ አድርጌው ነበር፤ ማድረጌንም ረስቼዋለሁ። የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ፋይሉ ላይ የዩቲኤፍ-8 ምልክት ካላገኘና ካልነገሩት የማሽኑን ኮድ ፔጅ (የፊደል ሰንጠረዥ) ነው የሚከተለው። መፍትሔው ቢልዱ ላይ የዩቲኤፍ-8 አማራጭን በግልጽ መጻፍ ነው። አንዲት ቃል ናት፤ ሁለት ቀን ፈጀችብኝ።

አራተኛው ሰዓት ነው፤ እዚህ ላይ የማይሳሳት አበሻ ካለ ላግኘው። በየሌሊቱ 8 ሰዓት ሙሉ ቢልድ እንዲነሳ ፈለግሁና 8 ብዬ ጻፍኩ። ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ተነሳ። ጊትሃብ ካልነገሩት በስተቀር በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው የሚቆጥረው፤ አዲስ አበባ ደግሞ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። የእኛ የሌሊት 8 ሰዓት በፈረንጁ ከሌሊቱ 2 ነው፤ በዩቲሲ ሲሆን የዋዜማው 23 ሰዓት። ስለዚህ የሚጻፈው 23 ነው።

ይህን አስተካክዬ ስጨርስ ደግሞ ቀን ያልፍ የነበረ ቴስት (ሶፍትዌሩን የሚፈትሽ ኮድ) ሌሊት ሌሊት ይወድቅ ጀመር። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት እዚህ ቀኑ ተቀይሯል፤ ሰርቨሩ ጋ ግን ገና ትናንት ነው። የቴስቱ ግማሽ በአዲስ አበባ ሰዓት፣ ግማሹ በማሽኑ ሰዓት ይቆጥር ነበር። ቴስት ውስጥ «ዛሬ» የሚባል ነገር አይኑር። ቀኑን ራሳችን እንስጠው፤ ስንሰጥም ክፉውን እንምረጥ። እኔ ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን ነው የምጠቀመው።

አምስተኛው ፓስወርድና ቁልፍን ከኮዱ ጋር ማስቀመጥ። በኋላ ብናጠፋው እንኳ የኮዱን ለውጥ ሁሉ በሚመዘግበው በጊት ታሪክ ውስጥ ተቀምጧል፤ ስለዚህ ያመለጠ ቁልፍ ይቀየራል እንጂ አይሰረዝም። ሶፍትዌር መፈረሚያ ሰርተፍኬት (ሶፍትዌሩ የማን እንደሆነ የሚያረጋግጥ) ለመግዛት ያሰበ ሰው ይህንንም ይወቅ፦ ከሰኔ 2023 በፈረንጆች ወዲህ ቁልፉ እንደ ዩኤስቢ ባለ ልዩ ሃርድዌር ውስጥ መቀመጥ ግድ ሆኗል። ዩኤስቢዋ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተሰክታ የሩቁ ሰርቨር አይፈርምባትም። አውቶማቲክ ቢልድ ያለው ሰው በክላውድ የሚፈረምበትን አገልግሎት ይጠይቅ። ፊርማው ላይ የጊዜ ማህተም (መቼ እንደተፈረመ የሚያሳይ) ማስደረግም አይረሳ፤ አለዚያ ሰርተፍኬቱ ሲያልፍበት የድሮው ኢንስታለርም አብሮ ዋጋ ያጣል።

የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፦ ቢልዱን ያለ ቁጥር መልቀቅ። ባለሱቁ ይደውላሉ። «ጋሼ፣ የትኛውን ነው የጫኑት?» «አዲሱን ነዋ!» አዲስ የተባሉ አራት ፋይሎች ፍላሻቸው ላይ አሉ። አሁን ሰርቨሩ ራሱ ቁጥሩንና የኮሚቱን (የተመዘገበውን የኮድ ለውጥ) መለያ መስኮቱ ግርጌ ላይ ይጽፋል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ያነቡልኛል፣ እኔም ኮዱን እዚያው ከፍቼ አያለሁ።